የዶሮ ዘር ቆጠራ

በግቢው ጥቂት ዶሮዎች ለማርባት የቆረጠ ከተሜ የመኖ ዋጋ ከማጣራቱ በፊት ስለ ዝርያ መጠየቅ ከጀመረ፣ ነገሩ ከጓዳ ወጥቶ ቅርስ ጥበቃ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ቅርስ ዝርያ የሚባለው በተፈጥሮ የሚራባ፣ ደጅ ውሎ ረጅም ዕድሜ የሚኖርና በዝግታ የሚያድግ ነባር የዶሮ ወገን ሲሆን፣ በአሜሪካ የእነዚህን ዝርያዎች ህልውና የሚከታተለው ማኅበር በዚህ ስም የሚጠራ ዶሮ ለእርድ የሚበቃበትን ክብደት ከ16 ሳምንት በፊት ማግኘት እንደሌለበት ደንግጓል። የሥጋ ዶሮ በ6 ሳምንት ገደማ በሚታረድበት ዘመን ዝግመትን በማዕረግ የሚያስከብር ሌላ ደንብ መገኘቱ ያጠራጥራል።

የዘር ንጽሕና ጥያቄ ግን ለኢትዮጵያዊ አርቢ የኅሊና ፈተና ይዞ ይመጣል። በሀገሩ ልማድ ጋብቻ የሚፈጸመው እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና አለመኖሩ ሲረጋገጥ ሲሆን፣ የንጹሕ ዝርያ አርቢ ደግሞ መልክና ጠባይ እንዳይበረዝ ወንድምን ከእኅት፣ አንዳንዴም አባትን ከልጅ ያጋባል። ይህ አሠራር፣ በሙያው ቋንቋ ዘመዳዊ ርቢ የሚባለው፣ ሲደጋገም የሚፈለፈለውን ጫጩት ቁጥር ይቀንሳል፣ የተፈለፈለውንም ያደክማል፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ሽማግሌዎቹና ሳይንሱ ያለ አስታራቂ ተስማምተዋል።

የባሕር ማዶ ብርቅዬዎች ዐይን ይስባሉ። የእንግሊዟ ዶርኪንግ በእግሯ አምስት ጣት ያላት ስትሆን፣ በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት የኖረው ሮማዊ የግብርና ጸሐፊ ኮሉሜላም ባለ አምስት ጣት ዶሮዎችን አወድሷል፤ ይሁን እንጂ የዶሮ ብልት 12 ተብሎ ተቆጥሮ ባለቀበት ሀገር ትርፍ ጣት መደብ የለውም። ከሁሉ የሚገርመው የሮድ አይላንድ ሬድ ዕጣ ነው፤ የሀበሻን ዶሮ እንድታሻሽል ወደ ኢትዮጵያ የገባችው ይህች ቀይ ዶሮ፣ የጥንቱ ወገኗ በትውልድ ሀገሯ በአሜሪካ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ዝርያዎች ዝርዝር ገብቷል። አሻሻይዋ ራሷ ቅርስ ከሆነች፣ ተሻሻይዋን በቅርስነት መያዝ የሚያሳፍር አይሆንም።

የሀበሻ ዶሮ ግን በጥብቅ አነጋገር አንድ ዝርያ አይደለችም። ተመራማሪዎች ኢኮታይፕ የሚሏቸው፣ ማለትም በአንድ አካባቢ አየርና አኗኗር ተቀርጸው በዚያው ቦታ ስም የሚጠሩ ወገኖች ስብስብ ናት፤ ከእነዚህም የወለጋው ሆሮ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እየተመረጠ ሲሻሻል የቆየ ነው። አንገቷ ላባ የሌላት መላጣም ልትናቅ አይገባም፤ አንገቷን የሚያራቁተው የዘር ባሕርይ የመላ ሰውነቷን ላባ ከ20 እስከ 40 በመቶ ስለሚቀንሰው ሙቀትን በቀላሉ ታስወጣለች፣ ላባዋን ለሚነጨውም ሰው ሥራ ታቃልላለች። በላባ ቀለም መምረጥ የሚሻ አርቢ ግን ይጠንቀቅ፤ ገበያ ወጥቶ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለባትን ገብስማ፣ ወይም እንደ ዝግራ ነጠብጣብ ያለባትን ዝግርማ ካላገኘሁ ብሎ የሚሟገት ሰው፣ የጠንቋይ ትእዛዝ ሊፈጽም የመጣ ሳይሆን ቅርስ ሊጠብቅ የተነሣ መሆኑን ለነጋዴዋ ማስረዳት አይቻለውም።

የእንቁላሉ ሒሳብ ለሀበሻዋ ዶሮ የሚያዳላ አይመስልም፤ በተለመደው አያያዝ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ሲሆን፣ ለእንቁላል ብቻ የተዳቀለችው የፈረንጅ ዶሮ ወደ 300 ትጠጋለች። ልዩነቱን የሚፈጥረው በከፊል የእናትነት ጠባይዋ ነው፤ አንድ ዙር ጥላ ስትጨርስ ትታቀፋለች፣ ለ21 ቀን ትቀመጣለች፣ ከዚያም ጫጩቶቿን ከጭልፊት እየጠበቀች ለሳምንታት ታሳድጋለች፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ እንቁላል የለም። ገበሬው ከእቅፍ ለማስነሣት ውኃ ውስጥ እስከ መንከር፣ እግሯን አስሮ ቁልቁል እስከ መስቀል ይደርሳል፤ ድርጊቱ ጭካኔ ከመሆኑም በላይ ባለቤቱ ያለ መብራት የሚሠራ ነፃ መፈልፈያውን በገዛ እጁ ማፍረሱ ነው። ደግሞስ ሰኔና ሚያዝያ፣ ረቡዕና ዓርብ የማትለየው የፈረንጅ ዶሮ ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ እየጣለች ጿሚውን ቤተሰብ ስትፈትን፣ ሀበሻዋ ቢያንስ በእቅፏ ጊዜ ፈተናውን ታቆማለች። ለትንሽ ግቢና ለሚጾም ቤት የምትመረጠው እርሷ ናት፤ እንቁላል ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ግን ይህን ምክር ይተወው።

ዝርያው ከተመረጠ በኋላ የሚቀረው መጠበቁ ነው። ቅርስ መሆን ከፈንግል በሽታ ስለማያድን ክትባቱ በጊዜው ይሰጥ። ከዚያም አጥሩ ይታይ፤ ሳሶ የሚባለው የጎረቤት የፈረንጅ አውራ አንድ ከሰዓት ከዘለለ፣ ቀጣዩ ትውልድ የሁለት ሀገር ዜጋ ነው። ሴት ዶሮ የአውራውን ዘር በሰውነቷ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ልታቆይ ስለምትችል፣ ለማስታቀፍ የሚሰበሰበው እንግዳው ከተባረረ ከ3 ሳምንት በኋላ የተጣለው እንቁላል ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ይጠበስ።