ትል የጋለበ ወራሽ

ለሚ ኩራ ውስጥ የአባትን ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ለመውረስ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫና ምስክር ይጠየቃል። በ«ዱን» ፊልም ግን ፖል አትሬይደስ ግዙፍ የአሸዋ ትል ጋልቦ፣ የንጉሠ ነገሥቱንም ልጅ «አገባለሁ» ብሎ፣ የህዋውን ዙፋን ባንድ ቀን ይረከባል። የሰሚት ወጣት አፉን ከፍቶ ያያል። ምኑ ይደንቃል? ፍራንክ ኸርበርት የፊልሙን መነሻ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1965 ከማሳተሙ 110 ዓመት በፊት የቋራው ካሳ ትንቢት የሚጠብቀውን ስም ለራሱ አውጥቶ፣ ደጃች ውቤን ድል በነሳ በቀናት ውስጥ፣ ውቤ ለገዛ ንግሡ ባሰናዳት ደረስጌ ማርያም፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብሎ ነግሷል። የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችንማ ቀድሞ አግብቷል። በትል ፈንታ ፈረስ በቃው። የሰሎሞን ዘርነቱን የጠየቀው ቢኖር እንኳ፣ ከድሉ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መሆን አለበት።