መንካት ክልክል ነው

እንጨት በዓይን ብቻ የሚታይ ነገር ነው ብሎ የሚከራከረኝ ካለ መርካቶ ይውረድና ሙቀጫ የሚገዙ እናቶችን ይመልከት። በጣት ይቆረቁሩታል፣ ውስጡን ይዳብሱታል፣ ያሸቱታል፣ ገልብጠው ቂጡን ያዩና «ስንጥቅ አለው» ብለው ዋጋ ያስቀንሳሉ። ስንጥቅ ባይኖረውም።

እንግዲህ በዚህ ዓይነት ያደገ ሰው ባለፈው ሰሞን የእንጨትና የሕያው ዛፍ ቅርጻ ቅርጽ ሊያይ ሄደ። የመጀመሪያው ሥራ አንድ የወይራ ግንድ ነው። ቀራጺው ግማሹን ከነቅርፊቱ ትቶታል፤ ግማሹን በመሮ ፈልፍሎ የሴት ጀርባ አውጥቶበታል። መሮው ያለፈበት መስመር ሁሉ ይታያል፤ ከትከሻዋ በታች ግን በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ያብለጨልጫል። ይኼ ለዓይን ነው የተሠራው? እጄ ሳላዘው ተነሣ።

«ጋሼ፣ አይነካም» አለኝ ጥበቃው። ግድግዳው ላይም «በእጅ መንካት ክልክል ነው» ይላል። በየሥራው ሥር ይላል።

ተናድጄ ወደ ግቢው ወጣሁ። እዚያ ደግሞ የሾላ ችግኞች በሽቦ ተጠማዘው፣ እርስ በርስ ተጎንጉነው እያደጉ ነው። ሥራቸው ላይ ያው ወረቀት ተሰክቷል። አንዲት ወፍ አርፋበታለች። እሷን ማንም «እትዬ፣ አይነካም» አላላትም።

ሰው የሠራውን ዛፍ እንዳይነኩበት ከፈለገ እንደ ዴቪድ ናሽ ማድረግ ነበረበት። ይህ ቀራጺ በ1977 እ.ኤ.አ. ዌልስ ውስጥ 22 አሽ የሚባሉ ዛፎችን በክብ ተከለ፤ እያደጉ ሲሄዱ እያጎነበሰ፣ እየገረዘ ጉልላት አደረጋቸው። ቦታውን ግን ለሕዝብ አልተናገረም። በቃ! ወረቀት የለ፣ ጥበቃ የለ። የኋላ ኋላ ማስታወቂያ የማያነብ ፈንገስ ዛፎቹን አገኛቸው እንጂ። ይኸው ሰው በ1978 ከባሉጥ ግንድ ትልቅ ድንጋይ የመሰለ ቅርጽ ጠርቦ ወንዝ ውስጥ ለቀቀው። ጎርፍ ሲመጣ ይሄድ፣ ውኃው ሲጎድል ይቆም ነበር፤ ለዓመታት ጠፍቶ እንደገና ብቅ ያለበትም ጊዜ አለ። ውኃው ነካው፣ አሸዋው ነካው፣ በዚያ ያለፈ ሰውም ነካው። ተነካብኝ ያለ አለ? የለም።

የእኛን አገር መቋሚያ ተመልከቱ። መዳፍ ነው እንደዚያ ያወዛው። የቤተ ክርስቲያኑ በርና መቃንስ? ስንት ትውልድ ተሳልሞት፣ ስንት ግንባር አርፎበት አይደል እንዴ የለሰለሰው? መንካት ክልክል ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሻካራ ጣውላ ነበር።

የኮንሶን ዋካ ሳስብ ግን ቀልዱ ይጠፋብኛል። ኮንሶዎች ለሞተ ጀግና ከእንጨት ይቀርጹለታል፤ እሱ መሃል ይቆማል፣ ሚስቶቹና የገደላቸው ጠላቶች በግራ ቀኙ። ዋካ ደጅ ነው የሚቆመው፣ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት። ወረቀት አልተለጠፈበትም፤ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃላ! ከዚያ ነቃዮች መጡ። ስንቱ ዋካ ከመቃብር ላይ ተነቅሎ ለሰብሳቢ ተሸጠ! ከሌባ የተረፈውና የተያዘው ካራት ከተማ ሙዚየም ገብቷል፤ የሄደው ግን ዛሬ በአንዱ ሀብታም ሳሎን መብራት በርቶለት ቆሟል። እንግዳ ሊዳብሰው እጁን ሲዘረጋ ባለቤቱ «ተው፣ ውድ ዕቃ ነው» ሳይል ይቀራል? ምን ዓይነት ዓይነ ደረቅነት ነው! ያንን ማስታወቂያ መለጠፍስ የነቃዩና የገዢው መዳፍ ላይ ነበር።

የአዳራሹ ጥበቃ ልጅ ግን ምን አደረገ? የታዘዘውን ነው የሚሠራ። ስወጣ ጠጋ ብዬ «አንተስ ወይራውን ነክተኸው አታውቅም?» አልኩት። ግራ ቀኝ አየ።

«ጠዋት ጠዋት አቧራ ስጠርግለት።»

«እና እንዴት ነው?»

«ጀርባዋ ይለሰልሳል ጋሼ። ጎኗ ጋ ግን ትንሽ ይሻክራል፤ ቢጨርሳት ጥሩ ነበር።»

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስለ ሥራው የሰማሁት ቁም ነገር ይኼ ብቻ ነው። ስለ ወይራ ከተነሣ፣ ባለቤቴ ከእናቷ የተቀበለችው የወይራ ረከቦት ቤት አለ። አንድ እግሩ ወልቆ በተጣጠፈ ጋዜጣ ነው የቆመው፤ የጠራሁት አናጢ ሁሉ «ይጣልና በአዲስ እንሥራ» ይለኛል። «ቫርኒሽ ልቀባው» ሳይል እግሩን ብቻ የሚመልስ ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።