አሸንፌ የከሰርኩባት ሌሊት

ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ

ለተከበሩ አጎቴ፣

የላኩት የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። «ቁማርተኛ ሆነ አሉ» የምትለዋን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማኋት፤ በሦስተኛው ሳልዎም ቁጣ ሆነብኝ። ወሬውን ማን እንዳደረሰዎ አላጣሁትም፤ እሱ ራሱ ገንዘብ የሚበላ ማሽን ፊት ተገትሮ ነው የሚያድረው።

መካድ ግን አልችልም፣ ጋሼ። ማክሰኞ ማክሰኞ ታክሲዬን ካስረከብኩ በኋላ ኦማሃ የሚባል ካርታ እጫወታለሁ። ትንሿን ነው፤ ውርርዱ መጀመሪያ 4 ዶላር፣ ኋላ 8። ከዚያ ልለፍ ቢሉም አይፈቀድም።

የዕድር ገንዘብ ያዥ ነዎትና ሒሳቡን ላስረዳዎ። ለእያንዳንዱ ሰው አራት ካርታ ተሸፍኖ ይታደላል፤ መሐል ላይ አምስት ተገልጦ ይዘረጋል። ከእጅዎ ሁለት፣ ከመሐል ሦስት፤ ከዚህ ዝንፍ የለም። እኛ በምንጫወተው ዓይነት የተዋጣው ገንዘብ ግማሹ ለትልቁ እጅ፣ ግማሹ ለትንሹ ነው። ትንሽ ለመባል አምስቱም ካርታ ከ8 ያልበለጠና ያልተደጋገመ መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለ ካልተገኘ ትልቁ ሁሉንም ይጠቀልላል። ኤስ የምትባለው ካርታ እንደ ድሮው የቀበሌ ሊቀመንበራችን ናት፤ እንደ ስብሰባው ትልቅም ትንሽም ትሆናለች።

«ከእጅ ሁለት» የምትለዋን ደንብ የተማርኳት በውርደት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አራት ኪንግ ደረሰኝ። አራቱም! እጄ እየተንቀጠቀጠ የተፈቀደልኝን ሁሉ ገፋሁና በመጨረሻ ካርታዎቹን ጠረጴዛው ላይ በጥፊ መትቼ ገለጥኳቸው። ካርታ የምታድለው ልጅ የአገራችን ልጅ ናት። ጨዋታ ላይ ከእንግሊዝኛ ሌላ መናገር ክልክል ነውና በዓይኗ ብቻ ገሠጸችኝ፤ ከዚያ ሁለቱን ኪንግ በጣቷ ወደ ፊት ገፋ አደረገቻቸው። የቀሩት ሁለቱ ለካ ተመልካች ናቸው። ይባስ ብሎ፣ ከመሐል ሦስተኛ ኪንግ እንዳይመጣልኝ አፍኜ የያዝኳቸው እኔው ነኝ።

ጠረጴዛችን ላይ የሚበዙት ጡረተኞች ናቸው። በ4 ዶላር የሚደነግጥ ስለሌለ ማስፈራራት ውሃ መውቀጥ ነው። ስድስት ሰባት ሰው እስከ መጨረሻው ሲከተል ደግሞ አንዱ የበለጠውን መያዙ አይቀርም፤ ሁለተኛ የሚወጣ እጅ ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ ብልሃቱ መጣል ነው። ኤስና ሁለት፣ ቢቻል ከሦስት ጋር፣ እስኪመጡልኝ ድረስ እጥላለሁ፣ እጥላለሁ፣ ቡና እጠጣለሁ። እንደኔ ቁጭ ብሎ የሚያድር ቁማርተኛ ካለ ያሳዩኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ኤስና ሁለት መጡልኝ። መሐል ላይ ሦስት፣ ሰባት፣ ስምንት ተዘረጉ። ከኔ የሚያንስ የለም! በማነሴ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። ጨመርኩ፤ ትይዩዬ የተቀመጡት፣ በአፍንጫቸው ኦክስጅን የሚስቡ ባልቴትም ጨመሩ። ሦስት ቀርተን 40፣ 40 ዶላር አገባን፤ 120 ሆነ። 60ው ለትልቁ እጅ ሄደ። የራሴን 60 ልሰበስብ ክንዴን ስዘረጋ እሳቸውም ቀስ ብለው ኤስና ሁለት ገለጡ። ስለዚህ ተካፈልን። 40 አግብቼ 30 ተቀበልኩ፤ ያውም ቁማር ቤቱ ከመሐል የሚቆነጥራትን ሳልቆጥር። ባልቴቷ «እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ፤ ከልባቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ትንሹን ብቻ ከያዝኩ ዝም ብዬ እከተላለሁ እንጂ አልጨምርም። የምጨምረው ትልቁንም የመውሰድ ተስፋ ሲኖረኝ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር 150 ዶላር ልኬያለሁ። 120ው የታክሲ ነው። ስለ 30ዋ አይጠይቁኝ፤ መዝገቡ ላይ «ልዩ ልዩ ገቢ» ብለው ያስገቡልኝ። ለእማዬ ታክሲ ይነዳል ይበሏት፤ ሌላ አይጨምሩ።

የእህትዎ ልጅ