የላብ ሊቃውንት

ማሊያ ማጠብ ድህነት ነው። በዓለም ዙሪያ ስንት እናት ስንት ሚሊዮን በኦሞ አሽታ ገመድ ላይ እንዳሰጣች የሚያውቁት፣ ተጫዋች የለበሰውን አሮጌ ማሊያ ከሐሰተኛው የሚለዩት ሊቃውንት ብቻ ናቸው።

ሥራቸው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ማሊያው ሲቀርብላቸው ጓንት አጥልቀው መጀመሪያ ብብቱን ያያሉ። የላብ ወዝ አለው? ክርኑን ሣር ነክቶታል? ተከላካይ ጎትቶት የተመዘዘ ክር ይታያል? ካለ እሰየው። ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ግን ወዮለት፤ በእነርሱ ችሎት ንጽሕና ራሱ ወንጀል ነው። ከዚያ ወደ ስፌቱ ይሄዳሉ። ፋብሪካው በዚያ ዓመት አርማውን እንዴት ሠራው? ቁጥሩ ምን ዓይነት ነበር? ከዚያ ዝንፍ ያለ ሁሉ ፎርጅድ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

እስቲ በዚህ ሚዛን አንድ ማሊያ እናስመዝን። አርማው የፌዴሬሽኑ አርማ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ቅጠሉ ጎድሎታል። ጀርባው ላይ ያለው የሚያብለጨልጭ ብርማ ቁጥር ለአሜሪካን ፉትቦል የተሠራ ነው። ማሊያው ራሱ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ከሱቅ የተገዛ ነው። መርካቶ ያለ ነጋዴ እንኳ ይህን «ኦርጅናል ነው» ብሎ ለመማል ትንሽ ያፍራል።

ይህ ግን እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 1986 አርጀንቲናዊው ማራዶና በዓለም ዋንጫ አዝቴካ ስታዲየም ላይ እንግሊዝን ያሸነፈበት ማሊያ ነው። አሠልጣኙ ቢላርዶ የቡድኑ ሰማያዊ የጥጥ ማሊያ በዚያ ሙቀት ይከብዳል ብሎ ሰው ወደ ገበያ ላከ። ቀለል ያለው ተገዛ፤ ሰፊዎች በጥድፊያ አርማ ሰፉበት፤ ቁጥሩም ከተገኘበት ተገኘ። የትኛውም ሊቅ ይህን ማሊያ ያለ ታሪኩ ቢያገኘው በሁለት ደቂቃ ያባርረው ነበር።

ከጨዋታው በኋላ ማሊያውን የተለዋወጠው ስቲቭ ሆጅ ነው። ሆጅ ማለት ለመጀመሪያዋ ጎል ኳሷን ወደ ራሱ ግብ ጠባቂ አቅጣጫ ያጎናት የእንግሊዝ አማካይ ነው። ለአንድ የተበላሸ ምት እንዲህ ያለ ደሞዝ ተከፍሎ አያውቅም፤ በሜይ 2022 አጫራቹ ሶዝቢስ ማሊያውን በ7.1 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠለት።

ከጨረታው በፊት ግን የማራዶና ልጅ ዳልማ ተነሣች። ይህ አባቴ በመጀመሪያው አጋማሽ የለበሰው ነው፣ ጎሎቹን ያገባበት አይደለም አለች። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለቀው 0 ለ 0 ነው። እንግዲህ ክርክሩ ላቡ የማራዶና ነው አይደለም የሚል አልነበረም፤ የስንተኛው ደቂቃ ላብ ነው የሚል ነበር። የ44ኛው ደቂቃ ላብ ላብ ነው፤ የ51ኛው ደቂቃ ላብ ቅርስ ነው። ሁለቱ ከአንድ ገላ መውጣታቸው ዋጋ የለውም።

አጫራቹ መልስ አላጣም። የጨዋታውን ፎቶዎች ከጨርቁ ጋር አመሳከርኩ፣ አርማው፣ መስመሩና ቁጥሩ ገጥመዋል አለ። በእጅ ቸኩለው የሰፉት አርማ ሁሉም እኩል አይወጣማ። ያ በሌላ ቀን «ፎርጅድ» የሚያሰኘው የስፌት ጠማማነት አሁን ልዩ መለያ ሆነ ማለት ነው። ለዚያች መርፌ ባለቤት ከ7.1 ሚሊዮኑ ምን ደረሳት ብሎ መጠየቅ ግን ጨዋነት አይደለም፤ ሊቃውንቱ የሚመረምሩት ስፌትን እንጂ ሰፊን አይደለም።

የ51ኛው ደቂቃዋ የመጀመሪያ ጎል በማራዶና እጅ መግባቷን ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ታዲያ ምን ይሁን? ጎሏ ሐሰት ብትሆን ማሊያው እውነተኛ ይሁን እንጂ!

አሜሪካኖች በበኩላቸው ተጫዋች የለበሰውን ማሊያ በሙሉ መሸጥ ብክነት ሆኖ ታያቸው። በመቀስ እየቆረጡ በተጫዋቾች ፎቶ ካርድ ውስጥ ይሰኩታል። ገዢው ጥፍር የምታክል ጨርቅና «ተለብሷል» የሚል ቃል ይደርሰዋል። የእጅጌ ይሁን የመጋረጃ ማን ይጠይቃል? እ.ኤ.አ. በ2011 ኢሊኖይ ውስጥ በተከፈተ የፌዴራል ክስ፣ ያልተለበሰውን ተለብሷል ብለው ለካርድ አምራቾች ሸጠዋል ከተባሉት ነጋዴዎች መካከል ጥፋታቸውን ያመኑ ነበሩ። የሚያሳዝነው ማመናቸው ነው፤ ሣር በየጓሮው፣ ላብ በየብብቱ ሞልቶ ሳለ።

አሁንም ምስክር ጠፋ የሚል ተጠራጣሪ ካለ፣ የዚያኑ ጨዋታ ኳስ ልጠቁመው። በኖቬምበር 2022 በ2 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጣለች። እስከዚያ ድረስ ያስቀመጣት ጨዋታውን የመራው ቱኒዚያዊው ዳኛ ዓሊ ቢን ናስር ነው። ይህቺ ያቺው ኳስ ናት ብሎ ለመመስከር ከእርሱ የተሻለ ማን አለ? እጁ አምልጦት ይሆናል እንጂ፣ ኳሷንስ አይቷታል።