ከዝንብ ወደ ሰው

አሜሪካ የገባሁ ዕለት፣ ሻንጣዬ ታክሲው ላይ ሳይጫን በፊት እኔ ላይ ምክር ተጫነ፦ «ነርሲንግ ግባ!» መካሪዬ የአክስቴ ባል ናቸው። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ መንዳት ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሊቀበሉኝ መጥተው፣ የቤተሰቡን ደኅንነት፣ የወሎን ዝናብና የጤፍን ዋጋ በአንድ ትንፋሽ ጠይቀው ጨረሱና፣ ቀበቶዬን እንኳ ሳላስር ወደ ቁም ነገሩ ገቡ።

«ስማኝ ልጄ፤ እዚህ አገር ያለው ሐበሻ ሁለት ዓይነት ነው። ነርስ የሆነና ነርስ ባለመሆኑ የሚቆጨው።»

«እርስዎስ ጋሼ?»

«እኔማ ነርሷን አገባኋት» አሉ መሪውን እየጠመዘዙ።

እኔ ግን ኪሴ ውስጥ የዶክትሬት መግቢያ ደብዳቤ ነበረኝ። «እሺ፣ አስብበታለሁ» አልኳቸው። ይህ በእኛ ቋንቋ «አላደርገውም» ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ምክሩ እሳቸው ጋ አላበቃም። ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ ስገዛ ሻጯ፣ ፀጉሬን ስቆረጥ ቆራጩ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቅ የሚያድሉት እናት፣ ሁሉም የተማከሩ ይመስል «ምን ትማራለህ?» ይሉኛል። ስነግራቸው ትንሽ ዝም ይሉና «ነርሲንግ አይሻልም?» ሳይንስ ውስጥ አንድ ግኝት ሦስት ቦታ ተደግሞ ያው ውጤት ከመጣ ሰው ማመን ይጀምራል። ይኼኛው በጆርጂያ ጎዳና ላይ ብቻ አርባ ጊዜ ተደግሞልኛል። እኔ ግን ተመራማሪ ነኝና በመረጃ አልረታም።

ምን ነበር የምማረው? ዝንብ።

እንደው ዝም ብላ ዝንብ እንዳትመስላችሁ። የፍራፍሬ ዝንብ ትባላለች፤ ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፤ ዓይኗ ቀይ ነው። ጠጅ ቤት ብርሌ ላይ፣ ጠላ ጋን አፍ ላይ የምታንዣብበውን ታውቋት የለ? እሷ ናት። ቶማስ ሀንት ሞርጋን የሚባል ሰው በ1910 ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ከቀይ ዓይኖቹ መካከል አንድ ነጭ ዓይን ወንድ አገኘ። የሱን ልጆችና የልጅ ልጆች ሲቆጥር ቆይቶ ጂን የሚቀመጠው ክሮሞሶም ላይ መሆኑን አሳየና በ1933 ኖቤል ተሸለመ። ሰውን ከሚያሳምሙት ጂኖች ሦስት አራተኛ ያህሉ አምሳያቸው ዝንቧ ላይ አለ። ይህን ሁሉ ደሴ ለእናቴ ደውዬ በዝርዝር አስረዳኋት።

ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለች።

«ዝንብ?»

«አዎ እማዬ።»

«እኔ ዕድሜ ልኬን ከጋኑ አፍ ሳባርራት የኖርኩትን ዝንብ፣ አንተ አሜሪካ ድረስ ሄደህ ታረባታለህ?»

የምቀልባትን ደግሞ አልነገርኳትም። በቆሎ ዱቄት፣ እርሾና ሞላሰስ ተደርጎ የሚገነፋ ገንፎ ነው፤ የቀረው ቅቤና በርበሬ ብቻ ነው። ላቦራቶሪው ጥንስስ የተጣለበት ጓዳ ጓዳ ይሸታል። የመጀመሪያውን ዓመት ጥናቱን የወደድኩት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቤቴ ናፍቆኝ ኖሯል።

የሥራው ዋናው ክፍል ድንግል መልቀም ነው። አትሳቁ፣ ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ሴቷ ዝንብ ክንፍ አውጥታ ከወጣች በኋላ ለስምንት ሰዓት ያህል ወንድ አታስጠጋም። ማን ከማን እንደወለደ እርግጠኛ ለመሆን ያ ሰዓት ሳያልፍ ለይቶ ማስቀመጥ ግድ ነው። ስለዚህ ጠዋትና ማታ፣ እሑድ የለ በዓል የለ፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ አደንዝዤ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር በሥዕል ብሩሽ ወንዱን ወዲህ ሴቷን ወዲያ እገፋለሁ። አንድ የትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴው ሾልኬ ስወጣ የንስሐ አባቴ በር ላይ ያዙኝ።

«ወዴት ነው በዚህ ሌሊት?»

ድንግል ልለቅም ነው አይባል ነገር! «ሥራ አለብኝ አባ» አልኩ።

ፊታቸው በራ። «ነርስ ነህ እንዴ?»

የዝንብ ሰዎች ለጂን ስም ሲያወጡ ቀልድ ያውቃሉ። በ1998 ይፋ የሆነ አንድ ጂን አለ፤ ሲበላሽ ዝንቧ ከእኩዮቿ በአማካይ አንድ ሦስተኛ ያህል ዕድሜ ትጨምራለች። ስሙን ማቱሳላ አሉት። አምስተኛ ዓመቴን ስይዝ ይህ ጂን ወደ መመረቂያ ጽሑፌ ሳይዛመት እንዳልቀረ ጠረጠርኩ። ዝንብ ከዕንቁላል ተነሥታ በአሥር ቀን ለአቅመ ሔዋን ትደርሳለች። ብታሰሉት በአምስት ዓመት ውስጥ 180 ትውልድ ይሆናል። ያ ሁሉ ትውልድ ተወልዶ፣ ወልዶ፣ ሲያልፍ እኔ ምዕራፍ ሁለት ላይ ነበርኩ።

የልቤን በር የከፈተው ግን እግር ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ታመው ሆስፒታል ተኙና ልጠይቃቸው ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ አልጋቸው አጠገብ እንደተቀመጥኩ ብርድ ልብሱን ገለጡት።

«ዶክተር ልትሆን ነው አሉ። እስቲ እግሬን እየው።»

አየሁት። አብጧል። ስለ እግር የማውቀውን ሁሉ በጭንቅላቴ አመላለስኩ። ስድስት ነው፤ ወንድ ከሆነ የፊት እግሩ ላይ እንደ ማበጠሪያ የተደረደረ ፀጉር አለው። እኚህ አባት ሁለት እግር ነው ያላቸው፤ ማበጠሪያም የላቸውም። ከዚህ ያለፈ የምለው አጣሁ። ይህኔ ነርሷ ገባች፤ የጎንደር ልጅ ናት። እግራቸውን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችና ጎድጉዶ የቀረውን አየች። «አባባ፣ ሲተኙ ትንፋሽ ያጥርዎታል?» አለቻቸው። ቀና አድርጋ አስደገፈቻቸው፤ ስልክ አንሥታ ሐኪሙን ጠራች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ልጃቸው ነህ?»

«አይ፣ ተመራማሪ ነኝ።»

«የምን?»

«የዝንብ።»

መስኮቱን ዞር ብላ አየችና «እዚህ እንኳ ዝንብ የለም» አለችኝ።

አማካሪዬ መልካም ሰው ነበሩ። ዶክትሬቱን አቁሜ ነርሲንግ ልገባ መሆኔን ስነግራቸው «በደንብ አስበህበታል?» አሉኝ። «አምስት ዓመት» አልኳቸው። በማስተርስ ዲግሪ ተሸኘሁ። ዝንቧን ግን አልሰድባትም፤ እሷ የሚጠበቅባትን አድርጋለች። ደግሞም ነርስነትና ምርምር ባላንጣ አይደሉም። በ1854 ለክራይሚያ ጦርነት ቁስለኞች የሄደችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል በሌሊት ፋኖሷ ትታወቅ እንጂ ጎበዝ የስታትስቲክስ ሰው ነበረች። ወታደሩን ከጥይቱ ይልቅ በሽታው እንደጨረሰው ባለሥልጣናቱን ያሳየቻቸው በሥዕላዊ ሠንጠረዥ ነው። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት፤ መጽናኛ ያስፈልገኝ ነበር።

የነርሲንግ ትምህርት ቤቱ የተቀበለኝ በውርደት ነው። ማይክሮባዮሎጂና አናቶሚ ከሰባት ዓመት በፊት የወሰድኳቸው ስለሆኑ «ጊዜያቸው አልፏል» ተባልኩ፤ እንደ ወተት። አንዱን ኮርስ እኮ ባለፈው ዓመት ረዳት መምህር ሆኜ አስተምሬዋለሁ! «ማስተማር ሌላ፣ መማር ሌላ» አለችኝ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ። አሁን ሳስበው ልክ ናት። ድሮ ያስተማርኩት ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ከእኔ የተሻለ ውጤት አመጣ።

ከዚያ አልጋ ማንጠፍ መጣ። የአንሶላው ጥግ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ በሽተኛው ላዩ ላይ ተኝቶ ሳለ አንሶላው እንዴት እንደሚቀየር በፈተና ነው። በኋላ እናቴ ስትሰማ «እሰይ! ሠላሳ ዓመት ለምኜህ እምቢ ያልከኝን አሜሪካኖች አስተማሩልኝ» አለች። የሚሊ ሊትርን አንድ ሺሕኛ በፒፔት ስለካ የኖርኩ ሰው፣ አሁን ሽንት በጆግ እለካለሁ። ስለካም እጄ በልማዱ ይጠነቀቃል፤ አስተማሪዬ «አንተ ልጅ፣ ሽቶ አደረግከው እኮ» ትለኛለች። መድኃኒት ሲሰጥ ትክክለኛው ሰው፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት ይባላል። እንደ አምስቱ አዕማደ ምሥጢር በቃሌ ይዣቸዋለሁ።

ያልለቀቀኝ የተመራማሪ ጠባይ አንድ ነው። ክፍል ውስጥ አስተማሪዬ «የበሽተኛው የደም ግፊት በድንገት ቢወርድ ምን ታደርጋለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ምክንያቶቹን ደርድሬ፣ የየአንዳንዱን ድክመት ተችቼ፣ በመጨረሻ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» አልኩ። ሰዓቷን አየት አድርጋ «ነፍስ ይማር» አለችና ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፈች።

የቀረው ለእናቴ መንገር ነበር። እንደተመረቅኩ አድርጋ ለዕድሩ ሁሉ «ዶክተሩ» ብላኛለች፤ ዕድር የሰማውን አይረሳም። ዋሽቼ ላለመቸገር በታሪክ ልከላከል ብዬ ልዕልት ፀሐይን አነሣሁ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራለች። የዛሬው ጦር ኃይሎች ሆስፒታል በመጀመሪያ የተሠራው ለእሷ መታሰቢያ ነው።

«እሷማ ልዕልት ናት። ምንም ብትሆን ያምርባታል» አለች እናቴ። ቀጥላ «መርፌ ትወጋለህ?»

«አዎ።»

«ደም ግፊት ትለካለህ?»

«እለካለሁ።»

«ታዲያ ዶክተር ማለት ሌላ ምንድን ነው? ዝንቧን ስታረባ ነበር እንጂ የጨነቀኝ!»

በማግስቱ ዕድሩ ሰማ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ መጨረሻ ከደሴ ስልክ ይደወላል። ገና ተማሪ መሆኔን፣ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለባቸው እነግራቸዋለሁ። «እሱንማ ሄደናል፤ አንተ ደግሞ ምን ትላለህ?» ይላሉ። እስካሁን ሦስት ደም ግፊት፣ ሁለት ስኳርና አንድ የጉልበት ሕመም ደርሶኛል። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ የጎረቤታችን ላም ጡቷ አበጠ ተባልኩ።

«እማዬ፣ ለላም እኮ ሌላ ሐኪም አለው» አልኳት።

«አምስት ዓመት ዝንብ ይዘህ የተቀመጥክ ሰው፣ ላም ከበደህ?» አለችኝ።