ቡቺን ብርድ እንዳይመታው

የፈረንጆች ገና ሲቃረብ ናይንቲ ፋይቭ የሚባለው አውራ ጎዳና ሥራ ይበዛበታል። ከሜይን፣ ከካናዳ ድንበር ተነሥቶ እስከ ማያሚ ከ1,900 ማይል በላይ የሚወርደው ይህ መንገድ በዚያ ሰሞን ብርድ የሰለቸውን ሁሉ እየለቀመ ወደ ፍሎሪዳ ያጓጉዛል። ጡረተኛው «ጉልበቴን ቆረጠመኝ» ብሎ ይወርዳል። ባለትዳሩ ልጆቹ ዲዝኒ ዲዝኒ እያሉ መቀመጫ ሲነሡት ይወርዳል። ውሻም ይወርዳል፤ እሱን ግን የጠየቀው የለም። ባለቤቶቹን ብትጠይቋቸው የሚሄዱት ለእሱ ሲሉ መሆኑን ይምሉላችኋል።

እኛም ሐበሾች ከዚህ አላመለጥንም። አገር ቤት የውሻ ሥራ ግቢ ውስጥ ነው። ሌሊት ይጮኻል፣ ቀን ይተኛል፣ ትራፊ ይጣልለታል፤ ሳሎን የገባ ዕለት በመጥረጊያ ይሸኛል። ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሲደርስ ግን ሶፋ ላይ ወጣ። ታሪኩ በየቤቱ አንድ ነው፤ ልጆች ይለምናሉ፣ እናት «ማን ሊያጸዳው ነው?» ትላለች፣ አባት «እኔ ቤት ውሻ አይገባም» ብሎ ይምላል፣ ከዚያ ውሻው ይገባል። በበረዶ ማለዳ ፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ፣ የላስቲክ ከረጢት አንጠልጥሎ፣ ውሻ የሚከተል ሐበሻ ካያችሁ ያ ሰው የማለው አባት ነው።

ወዳጄ ከእነዚህ አንዱ ነው። ውሻቸው ሰማያዊ ዓይን ያለው የሳይቤሪያ ሃስኪ ነው። ልጆቹ ከካርቱን ፊልሙ ወስደው ባልቶ አሉት፤ አባታቸው ምላሱ እምቢ ስላለው ቡቺ ይለዋል፤ ውሻው ለሁለቱም ስም አይዞርም። እውነተኛው ባልቶ እ.ኤ.አ. በ1925 አላስካ ውስጥ ኖም የምትባል ከተማ የጉሮሮ ዘጊ በሽታ ሲገባባት፣ 674 ማይል በረዶ በቅብብሎሽ አቋርጠው መድኃኒት ካደረሱት ውሾች መካከል የመጨረሻውን መንገድ የመራው ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ነበር። ሐውልቱ ዛሬም ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ቆሟል።

እንግዲህ ሜሪላንድ ላይ አንድ ጣት በረዶ ሲጥል «ምስኪን፣ በረደው» የተባለው የእንዲህ ያለ ዘር ልጅ ነው። ቡቺ በዚያ ሰዓት ጓሮ ውስጥ በጀርባው ተንጋልሎ፣ አራት እግሩን ወደ ሰማይ አንሥቶ በረዶው ላይ ይንከባለል ነበር። ወዳጄ በመስኮት አየውና በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ፤ የቤቱን ማሞቂያም ከፍ አደረገ። ማታውኑ «ለውሻው ሲባል እንኳ ጥቂት ቀን ፍሎሪዳ መውረድ አለብን» ተባለ። የበረደው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን መኪናው ላይ አንድ ባዶ ወንበር አለ ስለተባልኩ ምን አስለፈለፈኝ?

ባለቤቱ ብልህ ሴት ናት። ቨርጂኒያ፣ ሎርተን ላይ ሰውንም መኪናውንም ጭኖ ሲጓዝ አድሮ ፍሎሪዳ ሳንፎርድ የሚያደርስ አውቶ ትሬን የሚባል ባቡር አለ። ማታ ተኝቶ ጠዋት ብርቱካን አገር መንቃት ነው። ሐሳቡን ስታነሣ ሁሉም ደስ አለው፤ ደንቡ እስኪነበብ ድረስ። ውሻ አይሳፈርም፤ መኪና ውስጥ ተዘግቶበትም አይጫንም። ስለዚህ ለውሻው ምቾት ሲባል ውሻው ከ1,000 ማይል በላይ በመኪና እንዲንገላታ ተወሰነ።

ጉዞው የዋለው በነቢያት ጾም ነው። ከደብረ ብርሃን ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡት የወዳጄ እናት፣ እማማ፣ ጾሙን አጥብቀው ይዘዋል፤ እሳቸው ባሉበት ደግሞ ማንም አይፈታም። የቡቺ ሆድ ግን ደረቅ ምግብ ስለማይስማማው ሐኪሙ ዶሮና ሩዝ አዞለታል። የሚበላ ሰው በሌለበት ቤት ዶሮ ይቀቀላል ማለት ነው። እማማ ድስቱን ከሩቅ እያዩ «ይኼስ መቼ ነው የሚጾመው?» አሉ። መልስ የሰጣቸው የለም። ለእኛ ዳቦ ቆሎና በፔርሙስ ሻይ ተያዘ። ለቡቺ ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱ፣ የዝናብ ካፖርቱ፣ ለእግሩ አራት ጫማ፣ ሁለት ማበጠሪያና የሚያረጋጋ ጠብታ ተጫነ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀቱ ከእማማ ፓስፖርት ጋር በአንድ ፖስታ ገባ።

ቨርጂኒያ ውስጥ ስፕሪንግፊልድን አለፍ እንዳልን የመስኮት ጦርነት ተጀመረ። ውሻ መኪና ሲሳፈር አገር የሚያየው በአፍንጫው ነውና አንገቱን ማውጣት ይፈልጋል። ሐበሻ ደግሞ ከንፋስ የከፋ ጠላት የለውም። አዲስ አበባ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ እያላበው፣ «መስኮቱን ዝጉት፣ ንፋስ ይመታናል» የሚል ድምፅ ጠፍቶ ያውቃል? አሁን ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ተገናኙ። ቡቺ መስታወቱን በአፍንጫው ይገፋል። ልጆቹ «ሊታፈን ነው» ብለው ይከፍቱለታል። እማማ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው «ኧረ ማጅራቴን!» ይላሉ። ወዳጄ ከፊት ሆኖ ሁሉንም ይዘጋል። ጥቂት ሰላም ይሆናል። ከዚያ የቡቺ ትንፋሽ መኪናውን ይሞላውና እማማ ራሳቸው «ክፈቱት እባካችሁ» ይላሉ።

ውሻ ይዞ በመኪና አገር ማቋረጥን የጀመረው ሰው ለዚህ ነገር መላ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1903 ሆራሺዮ ኔልሰን ጃክሰን የተባለ ሐኪም በ50 ዶላር ተወራርዶ ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሣና በ63 ቀን ኒው ዮርክ ገባ፤ አሜሪካን ዳር እስከ ዳር በመኪና ያቋረጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አይዳሆ ላይ በድ የሚባል ውሻ ገዝቶ አሳፍሮ ነበር። መኪናው ጣሪያም የፊት መስታወትም ስላልነበረው፣ አቧራው ዓይኑን እንዳያቆስለው ለበድ መነጽር ተደረገለት። መኪናውም የውሻው መነጽርም ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ይህን ለጨዋታ ብዬ ባነሣው የወዳጄ ባለቤት ስልኳን አወጣች፤ ቀጣዩ ማረፊያ ሳንደርስ ለቡቺ መነጽር ታዘዘለት። የሚደርሰው ግን ሜሪላንድ፣ ሰው የሌለበት ቤት ደጃፍ ነው።

ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ ወሬው ጋብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 በጃንዩዌሪ መጀመሪያ በረዶ ጥሎ 40 ማይል ያህል መንገድ ተዘግቶ፣ ሰው መኪናው ውስጥ ያደረው እዚህ ነው። የቨርጂኒያው ሴናተር ቲም ኬን እንኳ ከሪችመንድ ዋሽንግተን ለመግባት 27 ሰዓት ፈጅቶበታል፤ ከፍሎሪዳ የሚመለስ አንድ ቤተሰብ በየመኪናው እየዞረ ካደለው ብርቱካን እሱም ደርሶታል። እማማ ይህን ሲሰሙ የዳቦ ቆሎውን ከረጢት ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ባለቤቱ ደግሞ የቡቺን ዶሮ ቆጠረች።

የቡቺ እውነተኛ ጥቅም የገባኝ ኖርዝ ካሮላይና ስንደርስ ነው። ራሌይ ውስጥ የባለቤቱ የአክስት ልጅ አለች። ሐበሻ በዘመዱ ደጃፍ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ካለፈ ልቅሶ ቤት ሳይቀር ይወራበታል። ከገባ ደግሞ ቡናው እስከ በረካ ነው፣ ከዚያ «እህል ሳትቀምሱማ!» አለ፣ ከዚያ «በዚህ ጨለማ ወዴት?» አለ። ባለቤቱ ደወለች። «እኔማ ልመጣ ብዬ ሞቼ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ውሻ ይዘናል» አለች። ወዲያ በኩል ዝም ተባለ። ቀጥሎ «ውሻ? ...በሉ እንግዲያው በሰላም ግቡ፣ እህቴ» የሚል ተሰማ። ስልኩ ሲዘጋ መኪናው ውስጥ ፊቱ ያልፈካ ቡቺ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ በደንብ አስተዋልኩ። ወዳጄ ሲጋራ ሲያምረው ቡቺን ሽንቱ ይወጥረዋል። ልጆቹ ድንች ጥብስ ሲያምራቸው ቡቺ ይርበዋል። ባለቤቱን ወገቧን ሲይዛት ቡቺ እግሩን ማፍታታት ይኖርበታል። እኔም «ውሃ ሳይጠማው አይቀርም» እያልኩ ቡናዬን ጠጥቻለሁ። ውሻው ይህ ሁሉ አቤቱታ በስሙ ሲቀርብ ተኝቶ ነበር።

ሁለቱ ካሮላይናዎች የሚዋሰኑበት አካባቢ ፔድሮ የሚባል ባለ ሰፊ ባርኔጣ ሰውዬ ገና ከሩቅ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይጠራችኋል፤ አንዱን ስታልፉ ሌላው ይተካል። የሚጠራችሁ ሳውዝ ኦቭ ዘ ቦርደር ወደሚባል መዝናኛ ነው። አለን ሼፈር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1949፣ አጎራባቹ የኖርዝ ካሮላይና ወረዳ መጠጥ ከልክሎ ስለነበር፣ ከድንበሩ ወዲህ ቢራ መሸጫ ከፈተ። መሸጫው አድጎ ሆቴልና ርችት ቤት ሆነ፤ 200 ጫማ ገደማ በሚረዝም ማማ ላይም የብረት ባርኔጣ ተደፋ። እዚህ የሚፈልገው ነገር ያለው ሰው አላውቅም፤ ሁሉም ግን ይቆማል። እኛም «ቡቺ ትንሽ ይናፈስ» ብለን ቆምን። ቡቺ የፔድሮን ግዙፍ ሐውልት እግር አሽትቶ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ አስተያየቱን ሰጠ።

ያተረፉት እማማ ናቸው። በሳውዝ ካሮላይና መንገድ ዳር በትልቅ ድስት የሚፈላ ኦቾሎኒ ይሸጣል፤ ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በሕግ ይፋዊ መክሰሷ አድርጋዋለች። እማማ አንዷን ፈልፍለው ቀመሱና «ንፍሮ ነው እኮ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ መስኮት የተናገሩት ነገር የለም።

ፍሎረንስ ጋ ምልክቱ ጥርሳም ቢቨር የሆነ ግዙፍ ነዳጅ ማደያ አለ፤ ቡኪስ። ስሙ ከመሥራቹ የልጅነት ቅጽል ስምና በክ ከሚባል ውሻው የተቀመረ ነው። ምግብ የሚሸጥበት ስለሆነ ግን ቡቺ በውሻ ስም ወደ ተጠራው ቤት አይገባም፤ የሚገቡት አካል ጉዳተኛን ለማገዝ የሠለጠኑ ውሾች ናቸው። ባለቤቱ የሠለጠነ ውሻ ነው የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀይ ሰደርያ ኢንተርኔት ላይ አይታ ኖሮ ዓይኗ ፈዘዘ። ባሏ ግን ፍሎሪዳ ውስጥ ውሻውን እንዲህ አስመስሎ የተገኘ ሰው 30 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት እንደሚፈረድበት አነበበላት። ለነገሩ ሕጉ ሠራተኛው ሁለት ጥያቄ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል፤ ውሻው ለጉዳት ያስፈልጋል ወይ? የሠለጠነውስ ምን ለመሥራት ነው? ሁለተኛው ላይ እንወድቅ ነበር። ቡቺ የሠለጠነው ሶፋ ለመያዝ ነው።

ጆርጂያ አደርን። ሆቴሉ ልጆችን በነጻ ያስተኛል፤ ውሻን ያስከፍላል። እማማ ሲተረጎምላቸው «እንግዲያው አልጋውን ለእሱ ልቀቁለት፤ የከፈለው እሱ ነው» አሉ። ልጆቹም የአያታቸውን ቃል አከበሩ።

ፎርት ላውደርዴል አቅራቢያ የተከራየነው ቤት ስንደርስ ቡቺ ወርዶ ሁለት እርምጃ ሄደና ዞሮ አየን። ሃስኪ የለበሰው ድርብ ፀጉር ነው፤ ከሥር ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ፣ ከላይ ረዘም ያለ፤ አይወልቅም። ምላሱ ወጣ፣ ወጥቶም ቀረ። ባሕር እናሳየው ተባለና የግዛቱ ፓርክ ሄድን፤ ውሻ ወደ መዋኛው አሸዋ አይወርድም። ኩሬ ዳር እናናፍሰው ተባለ፤ «አዞ አለ፣ እንስሳችሁን ከውሃው አርቁ» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ልጆቹ ሲያነቡላቸው እማማ ቆመው ቀሩ። «ከብርድ ያሸሻችሁት ለአዞ ልትሰጡት ነው?»

ብርዱም ቢሆን እዚያ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። በየዛፉ ላይ ኢጉዋና የሚባል ትልልቅ እንሽላሊት ይኖራል፤ ቅዝቃዜ ሲበረታ ደንዝዞ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በጃንዩዌሪ 2020 የማያሚ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ከዛፍ የሚረግፍ ኢጉዋና ብታዩ አትደንግጡ ብሎ ሕዝቡን አሳስቧል። እኛ ያየናቸው ግን ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ቡቺም አንዱን አየው፤ ለመነሣት እንኳ አቅም አጣ።

በመጨረሻ የሚስማማውን ቦታ ራሱ አገኘ፤ ሳሎን ውስጥ፣ ከአየር ማቀዝቀዣው ሥር፣ ሴራሚኩ ላይ። ልጆቹ «ሞቆታል» ብለው ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው ለቀቁለት። ብርዱ እንዳይወጣበት በርና መስኮት ተዘጋ። ወዳጄ ሹራቡን ደረበ፣ ባለቤቱ ካልሲ አጠለቀች፣ እማማ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጸሎታቸውን ቀጠሉ። ውጭ ፀሐዩ ደምቋል። «ኧረ በረንዳ ወጥተን እንቀመጥ» ብል «ቡቺን ብቻውን ትተን?» ተባልኩ።

ዘንድሮ ውሻ ይዛችሁ ወደዚያ የምትወርዱ ካላችሁ ጋቢ እንዳትረሱ። ፍሎሪዳ ቤት ውስጥ ይበርዳል።