ቤዙ ጠፋ ተብሎ እኔ ልጠየቅ?

አይ ጊዜ! ድሮ ሽማግሌ የሚጠራው ባልና ሚስት ሲጣሉ ወይም ወሰን ሲገፋ ነበር። ዛሬ እዚህ ማክሰኝት «ጋሼ፣ የሚኒባሱ ቤዝ ጠፋ» ተብዬ ከቡና መሀል ተነሳሁ። ጠፋ? ተመስገን ነዋ! እስከ አዘዞ ጉበቴ ሳይንቀጠቀጥ የምሳፈርበት ቀን መጣ ብዬ ነበር።

ምን ላድርግ፣ ዕድሜዬን ከመኪና ሽቦ ጋር ስታገል ኖሬያለሁና ዝም ብሎ ማየት አልችልበትም። የሚኒባሱ ልጆች ግን ሳይጠይቁኝ ፍርዱን ጨርሰዋል፦ አምፕሊፋየሩ (አምፑ) አንሷል፣ ጎንደር ወጥተን ባለ 2000 ዋት እንግዛ! ካርቶን ላይ የሚጻፍ ዋትማ ለዓይን ነው። የእውነት 600 ዋት እንኳ ከ12 ቮልት ባትሪ ሲሳብ 50 አምፔር ይጠይቃል። እነሱ የዘረጉለት ደግሞ የጣራ መብራት የሚጠየፈውን ክር ነው። ማሳውንም፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን ሽቦ፣ ቀለም ላይ አስረውታል። ቀለም ላይ! ፋቅ ፋቅ አድርጌ ባዶ ብረት ላይ አጠበቅሁት፣ ሽቦውን በወፍራም አስለወጥኩ። ቤዙ ትንሽ አቃሰተና መልሶ ተኛ።

የስፒከሩ ሳጥን ውስጥ ሁለት ውፈር፣ ማለትም የቤዝ ስፒከር፣ አለ። ገመዶቹን ከአምፑ ነቅዬ፣ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ በየተራ ነካ አደረግሁባቸው፤ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ። አንዱ ወደ ውጭ ዘለለ፣ ሌላው ወደ ውስጥ ሰመጠ። «ጋሼ፣ በድንጋይ?» አለ ረዳቱ፣ አፉን ከፍቶ። አዎ፣ በድንጋይ! የአንዱን ገመድ ገልብጣችሁ አስራችሁታል። አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስበዋል፤ ወፍራሙ ድምፅ እዚያው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሁለት በሬ ጠምዶ አንዱን ወደ ጎንደር፣ ሌላውን ወደ ባሕር ዳር መንዳት ነው። በዚህ ላይ አምፕ ቢጨመር ምን ያርሳል?

ስለ ቤዝ ከተነሳ፣ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ አንድ ሰፊ ፊት፣ አንድ ጠባብ ፊት ይዞ ስንት ዘመን አገለገለ፤ ገመዱ ተገለበጠ ሲባል የሰማ አለ? ፊውዝ ተቃጠለ ተብሎ ማሕሌት ቀረ?

ገመዱን መለስኩት። ቤዙ መጣ፤ ከጎረቤት ዶሮ ጀምሮ እስከ ጥርሴ ያልተነቃነቀ የለም። እግዜር ይስጥልኝ የሚል ስጠብቅ ሾፌሩ ብቅ አለና «ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ታርጋው ይንጫጫል» አይለኝም!

እሱን ትራፊክ ሲያስቆምህ ጠይቀው!